ጉበት እናጥባለን ለምትሉ እኩዮቼ

በማንኪራም፣ በቦንጋም፣ በዴቻና በጊምቦ ቀበሌዎችም ያላችሁ፣ ስልሳን ተሻግራችሁ የልጅ ልጅ የምታቅፉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ፈርቼ ነው። ልጆቻችን ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም በሻንጣ የሚያመጡልን፣ በየስልኩም “ጉበትና ሐሞት ያጥባል፣ ጠጠር ያራግፋል” እየተባለ የሚወደስ ነጭ ጨው አለ። ኤፕሰም ጨው ይሉታል። ከወይራ ዘይትና ከሎሚ ጋር በአንድ ሌሊት ይጠጣል። እኔ አትጠጡት እላለሁ። ያለ ምክንያት የምንታዘዝበት ዕድሜ ላይ ስላልሆንን ምክንያቱን ላስረዳ።

በጡረታ እስክወጣ ድረስ መጀመሪያ ድሬሰር፣ ኋላም ጤና ረዳት ተብዬ ያገለገልሁ ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። ወደ ሐኪም የሚሄደውን ሰው አስቀድሜ የምቀበለው ግን እኔ ነበርሁ፤ ሰው ሁሉን ተናግሮ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ቤቱ የጠጣውን እንደሆነ እዚያ ተምሬአለሁ።

ይህ የማጠብ ነገር በቀላሉ የገባን ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ኮሶ እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ አገር ኮሶ የግድ ነበረ፤ በየሁለት ወሩ የሚጠጣበት ቤት ነበረ። የዛፉ አበባ ከደጋ ወርዶ ገበያ ይሸጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ሌሊት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የቀመሰ አይረሳውም። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራ አይጠየቅም፤ “ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል” ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ይተወዋል። ሲመሽ ጉልበቱ ከድቶት፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ግን ቀሎት ይነሣል። ደካማ ሆኖ መነሣትን ከመንጻት ጋር አንድ አድርገን የተማርነው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉልኝ። ኮሶ የሚያወጣው ትል ነበር። ከከብት ሥጋ ወደ አንጀት ገብቶ የሚያድግ፣ በሜትር የሚለካ፣ ሲወጣ በዓይን የሚታይ፣ ሕይወት ያለው ትል። ጠላት ነበረ፣ መድኃኒቱም ለዚያ ጠላት የተመደበ ነበረ። ለዚህ ነው በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ኮሶን ከኛ ወስደው በመድኃኒት መዝገባቸው ያስገቡት። ዛሬ ለትሉ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ኪኒኖች አሉና ኮሶ ቦታውን ለቋል። ለቆም ይሻላል፤ ከመጠን ያለፈ ኮሶ ዓይን ያጠፋ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ስለሚመጣ የዓይን ጉዳት ተጽፏል። ይህን የማነሣው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እነሱ ያዩት እውነት ነበረ። ለእኛ ግን አንድ ልማድ ትተውልን ሄደዋል፤ ከሆድ የወጣውን አይቶ ማመን። አዲሱ ጨው የገባብን በዚህ በር ነው።

አንድ ወንድማችን፣ ስሙን አልጠራም፣ በብርጭቆ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ አረንጓዴ እንክብሎች አሳየኝ። አተር የሚያህሉ አሉ፣ ባቄላ የሚያህሉም አሉ። “ይኸው ጠጠሬ፣ ሃያ ዓመት ተሸክሜው ኖሬ” አለኝ። ደስታውን አይቼ ወዲያው መናገር ከበደኝ። ዛሬ ለሁላችሁም ልናገረው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የኒውዚላንድ ሐኪሞች የአንዲት ሴት ታሪክ አውጥተዋል። ዕድሜዋ 40 ነው። ቅባት ስትበላ ከቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንት ሥር ያማታል፤ በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ብዙ ጠጠሮች አሉ። የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው መክሯት ቀኑን በፖምና በአትክልት ጭማቂ አሳለፈች፣ ማታ 600 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይትና 300 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ጠጣች። በማግስቱ አረንጓዴ እንክብሎች ያለ ሕመም ወጡ። ሰብስባ በፍሪጅ በረዶ ቤት አስቀመጠቻቸውና ለሐኪሞቹ ይዛ ሄደች። ሐኪሞቹ አልሳቁባትም፤ ላቦራቶሪ ላኩት። እንክብሎቹ ውስጥ የሐሞት ጠጠር የሚሠራበት ኮሌስትሮል የለም፣ ቢሊሩቢን የለም፣ ካልሲየም የለም። ከመቶው 75 እጁ የቅባት አሲድ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት አሥር ደቂቃ ቢቆዩ ቀልጠው አረንጓዴ ዘይት ሆኑ። ከዚያ ሐኪሞቹ ከወይራ ዘይት የሚገኘውን ዋና የቅባት አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ደባልቀው፣ ጥቂት ፖታሽ ጨምረው፣ እንዲህ ያለውን እንክብል ራሳቸው ሠሩት።

ምን ማለት ነው? የጠጣችው ዘይት በሆዷ ውስጥ ተፈጭቶ፣ ከሎሚው ፖታሲየም ጋር ተገናኝቶ ሳሙና ሆነ። አረንጓዴ ያደረገው የራሷ ሐሞት ነው። እውነተኛ ጠጠሮቿ እዚያው ከረጢታቸው ውስጥ ነበሩ፤ በኋላ በቀዶ ሕክምና ወጡ። ያ ወንድማችን በብርጭቆ ያሳየኝም የሃያ ዓመት ሸክሙ ሳይሆን ትናንት ማታ በውድ ዋጋ የገዛው ዘይት ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ ጠጠር አወጣሁ የሚል ብትሰሙ አትደነቁ። ዘይቱ ብዙ ከሆነ ሳሙናውም ይበዛል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ብትጠጡ ያንኑ ያህል ይወጣል፣ ማለቂያም የለውም። ለዚህ ነው የሚሸጡት ሰዎች “ገና አልጠራህም፣ በሚቀጥለው ወር ድገመው” የሚሉት።

የሐሞት ከረጢት የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በቡና ሲኒ ይለካል። እነዚያ ሁሉ ባቄላዎች የት ተቀምጠው ነበር? ከረጢቷን ከአንጀት የሚያገናኘው ዋናው ቱቦ ደግሞ በጤነኛ ሰው ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ባቄላ የሚያህል ጠንካራ ጠጠር ያለ ሕመም በዚያ አያልፍም። እውነተኛ ጠጠር ተገፍቶ ቢወጣና ቱቦው ውስጥ ቢሰነቀር ሰውዬው ብርጭቆ ይዞ ሊያሳየን አይመጣም። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ቆሽቱ ከተቆጣ ደግሞ ወገቡን በቀበቶ እንደታሰረ ሰው ይዞ ይጮኻል። እኔ የምፈራው ዘይቱ ምንም ሳይሠራ ሲቀር አይደለም፤ እውነተኛ ጠጠር ባለበት ሰው ላይ ከረጢቷን ጨምቆ ሲያንቀሳቅሰው ነው።

ስለ ጨዉ ደግሞ ልንገራችሁ። ስሙ የመጣው ኤፕሰም ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ በድርቅ ወቅት አንድ ገበሬ ምንጭ አገኘ፣ ከብቶቹ ግን ቀምሰው አንጠጣም አሉ ይባላል፤ መራራ ነበራ። የኛ ከብት ወደ ሆራ ሲነዳ ሮጦ ነው የሚደርሰው፤ የዚያ አገር ከብት እምቢ ያለውን እኛ በሻንጣ እናስመጣለን። ይህ ቀልድ ነው፣ የሚከተለው ግን ቀልድ አይደለም።

ጨዉ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በራሱ መርዝ አይደለም፤ በአግባቡ ሲያዝ ትልቅ መድኃኒት ነው። እርጉዝ እናት ደም ግፊቷ አሻቅቦ ስትንቀጠቀጥ ቦንጋ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ብትደርስ የሚያድናት መድኃኒት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ማግፓይ የተባለው ጥናት በ33 አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ እናቶችን አሳትፎ፣ ይህ መድኃኒት የሚጥል የእርግዝና በሽታን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አዋላጆቹ ግን እንዴት እንደሚሰጡት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይገባል፣ 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫ ይወጋል፣ ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት እናቲቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰች ይቆጠራል፤ ከ16 ካነሰ መርፌው ይቀራል። ጉልበቷ በትንሽ መዶሻ ተመትቶ እግሯ ሲፈናጠር ይታያል፤ ካልፈናጠረ መርፌው ይቀራል። ሽንቷ ይለካል፤ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ካልሞላ መርፌው ይቀራል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት በአጠገብ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በዕድሜዋ ወጣት፣ ኩላሊቷም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ለሆነች እናት ነው።

አሁን የቤቱን ልክ ተመልከቱ። በየስልኩ የሚዞረው አሠራር አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው ነው፤ ወደ 60 ግራም ገደማ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሁለተኛ፣ 4 ሰዓት ላይ ዘይቱ፣ ንጋት ላይና ጠዋት ደግሞ የተረፈው። ለሆድ ድርቀት ተብሎ ለጤነኛ ጎልማሳ የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን በቀን ወደ 30 ግራም ነው። በ60 ግራሙ ውስጥ 6 ግራም ያህል ንጹሕ ማግኒዚየም አለ፤ ሰውነት በቀን የሚፈልገው ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። በአፍ የተጠጣ በመርፌ እንደተወጋ አይደለም፤ አብዛኛው ውኃ ከሰውነት እየሳበ በአንጀት ያልፋል፣ ለዚህም ነው የሚያስቀምጠው። ከፊሉ ግን ደም ውስጥ ይገባል። ከደም የሚያወጣው በዋናነት ኩላሊት ነው።

የኛ ኩላሊት ደግሞ የትናንቱ አይደለም። ከ40 ዓመት ዕድሜ ወዲህ የማጣራት ኃይሉ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አያምም፣ አይናገርም። ደም ግፊትና ስኳር ያለብን ደግሞ በፍጥነት ይቀንስብናል፤ ክሬያቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ያላደረገ ሰው ስንት እንደቀረለት አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ጨው ሲጠጣ ማግኒዚየሙ በደሙ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ፊቱ ይሞቀዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ከዚያ እጅ እግሩ ይዝላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ከዚያ ትንፋሹ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ልቡ። ልብ በሉ፤ ቤተ ሰቡ ይህን ሁሉ ሲያይ “ሌሊቱን ስላላረፈ ደክሞት ነው፣ ይተኛ” ይላል። ኮሶ የጠጣውን እንዲያርፍ እንተወው እንደነበረው ሁሉ በሩን ዘግተውለት ይወጣሉ። በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ስለ መድኃኒቶቻችሁም ልናገር፤ ከናንተ ውስጥ ኪኒን የማይውጥ ጥቂት ነው። ኒፈዲፒን ወይም አምሎዲፒን የምትወስዱ፣ ማግኒዚየም የግፊቱን መውረድ ያብሰዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸናችሁ፣ ሌላ ተቅማጥ ሲጨመርበት ውኃና ፖታሲየም አብሮ ይሄዳል፣ የልብ ምት ይዛባል። ኤናላፕሪል የምትወስዱ፣ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ኩላሊታችሁ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ የምትውጡ ከሁሉም የባሰ አደጋ ላይ ናችሁ፤ ይህ አሠራር ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እህል አትቅመሱ ይላልና ኪኒኑን ውጣችሁ ሳትበሉ ብታድሩ ስኳራችሁ ሌሊት ይወድቃል። ጾመኞች እንደሆንን አውቃለሁ። ጾም ግን በባዶ ሆድ ስድሳ ግራም ጨው አይጨምርም፤ ለሕመምተኛም ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ልጨምር። የኛ መጸዳጃ ከቤት ውጭ ነው። ክረምት ከሆነ ጓሮው ጭቃ ነው፤ የከፋን ዝናብ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ስምንትና ዐሥር ጊዜ፣ ውኃ አልቆበት ግፊቱ የወረደ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው በጨለማ ሲመላለስ ምን እንደሚሆን አስቡ። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ከማንኪራ በቃሬዛ ወጥቶ መኪና እስኪያገኝ፣ ከቦንጋም ወደ ጅማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እስኪጓዝ ድረስ ብዙ ሰዓት ይሄዳል። ስልክ ላይ ይህን ጨው የምታወድስ ወጣት በምትኖርበት ከተማ ይህ የለም።

“እኔ ግን ቀለለኝ” የሚል አይጠፋም። ይቅለልህ፣ እውነትህን ነው። ቀን ሙሉ ያልበላ፣ አንጀቱ የተራገፈ፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ውኃ ያጣ ሰው ይቀለዋል። ማግኒዚየም ለስላሳውን ጡንቻ ያላላልና የሚያምም ከረጢት ለጊዜው ሊተኛም ይችላል። የተኛ ሕመም ግን የዳነ ሕመም አይደለም፤ በዚህ መካከል ሐኪም ጋ ሳይሄድ ወራት ያልፋሉ።

ይህን አሠራር በዓለም ካስፋፉት አንዷ በካናዳ ተወልዳ በአሜሪካ የኖረች ኸልዳ ክላርክ የምትባል ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 የበሽታዎችን ሁሉ ፈውስ አገኘሁ የሚል መጽሐፍ አሳተመች። እ.ኤ.አ. በ2009 በአጥንት መቅኔ ካንሰር ሞተች። በሰው ሞት አልሳለቅም፤ ሁላችንም ሟቾች ነን። ይህን ያነሣሁት “ሁሉን ይፈውሳል” የሚለው ቃል ለራሷም እንዳልሠራ እንድታውቁ ብቻ ነው።

ጉበት ያጥባል የሚሉት ጨው ጉበትን ሲጎዳም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት በወጣ ዘገባ፣ የሐሞት ጠጠር የነበረበት የ38 ዓመት ሕንዳዊ ጠጠሩ ይሟሟል ተብሎ በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኤፕሰም ጨው ለ15 ቀን ጠጣ። በ12ኛው ቀን የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ፣ ሽንቱ ጠቆረ፤ ከዚያም ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጨዉን ካቆመ በኋላ ቀስ በቀስ አገገመ። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ መጠጥም አይጠጣም፣ ስኳርም የለበትም።

ጉበታችሁ ካሳሰባችሁ ደግሞ የሚያሳስብ ነገር ሞልቷል፤ በማንኪያ የሚታጠብ ግን አይደለም። ጉበት በጭቃ የሚደፈን ወንፊት አይመስላችሁ። በአገራችን ጉበትን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ድሮ የወፍ በሽታ እያልን በእሳት የምንተኩስለት። ለሕፃናት ክትባቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ እኛ አልተከተብንም። በአንድ ጠብታ ደም ምርመራ ይታወቃል፣ ከተገኘም መድኃኒት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናው በሰፊው ተጀምሯል። ከዚያ ቀጥሎ አረቄ አለ። ስለዚህ ብዙ አልልም፣ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። ጫትም አለ፤ ሐረር ላይ የተደረገ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ቡና ከተፈጠረበት ጫካ ሥር ተቀምጠን ለጉበታችን ከባሕር ማዶ ጨው እናስመጣለን። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳም የሐሞት ጠጠር ሕመምም ያነሰ ሆኖ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። ይህ ግንኙነት ነው እንጂ ቡና ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ጠጠር ላለበት ሰው ቡና ከረጢቷን ስለሚያኮማትር ሊያሳምመውም ይችላል። እኔ ግን ማንኪራ ላይ ሆኜ ቡና አትጠጡ የምል ሰው አይደለሁም።

ጠጠር አለብኝ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መንገዱ አጭር ነው፤ ቅቤ የበዛበት ምግብ ከበላችሁ በኋላ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚይዝ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ካላችሁ ቦንጋ ሄዳችሁ አልትራሳውንድ ተነሡ። አይወጋም፣ አይቆርጥም፣ ቀዝቃዛ ቅባት ሆድ ላይ ይቀባሉ፣ በቃ። የጤና መድን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። ጠጠር ተገኘባችሁ ማለትም ትቆረጣላችሁ ማለት አይደለም፤ ጠጠር ካለባቸው አሥር ሰዎች ስምንቱ ያህል ሳያማቸው ይኖራሉ፣ የማያምም ጠጠር ብዙውን ጊዜ ይተዋል። የሚያምም ከሆነ ከረጢቷ ራሷ ትወጣለች፤ ያለ እሷም ይኖራል። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ከብርድ ጋር ከመጣ፣ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ጠቁሮ ሰገራችሁ ከነጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

ልጆቹን አትቆጡ። በፍቅር ነው የላኩት፤ “አባዬ ይህን ጠጣ” ስትለኝ ልጄ ከልቧ ነው። ጥቅሉን ግን ራሳቸው እንዲያነቡት አድርጉ። አሜሪካ በሚሸጠው ላይ የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ጥቅል ደግሞ ለእግር መዘፍዘፊያና ለአትክልት ማዳበሪያ ብቻ የተዘጋጀ ነው። እግራችሁን ብትዘፈዝፉበት አልቃወምም።

ቀድሞ የጠጣችሁ ካላችሁ፣ የቀረውን ብርጭቆ ድፉት፤ “ጀምሬ አልተውም” አይባልም። ነቅታችሁ መዋጥ የምትችሉ ከሆነ ኦ አር ኤስ በጥቂት በጥቂቱ ተጎንጩ፣ ብቻችሁን አትደሩ። ቤተ ሰብ የሆናችሁ ደግሞ፣ የጠጣው ሰው ሲጠሩት ቶሎ ካልመለሰ፣ እጁን ማንሣት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ምንም ነገር በአፉ አትስጡት፤ በጎኑ አስተኙትና አምቡላንስ ጥሩ፣ ካልመጣ ተሸክማችሁ ውጡ። ባዶም ቢሆን ጥቅሉን ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ “ምግብ አልስማማ ብሎት ነው” አትበሉ። ስንት ማንኪያ ጠጣ ብለው ይጠይቋችኋል፤ እውነተኛውን ቁጥር ንገሯቸው።